ስኳራችሁ የሚያስቸግራችሁ በስንት ሰዓት ነው?

(ይህ ከስኳር ሕመም ጋር ለሚኖሩ ወገኖችና ለቤተሰቦቻቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁንም ስላመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። እባካችሁ ከፊት ይቀመጡ። የምናወራው ስለ እነሱ ነው።

ገና ስገባ አንዲት እናት በር ላይ ይዛኝ፣ "የኢንሱሊን ፓምፕ ላስጀምራት ወይስ በመርፌው ትቀጥል? ቁርጡን ንገሪኝ" አለችኝ። ልጇ 12 ዓመቷ ነው። ቁርጡን ልነግራት አልቻልኩም። እኔ መልሼ ጠየቅኋት። "የልጅሽ ስኳር የሚያስቸግራችሁ በስንት ሰዓት ነው?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "ሌሊት ነው እንጂ። ቀንማ እንደምንም እንወጣዋለን" አለችኝ። ዛሬ የማወራችሁ ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚነሳ ነው። እናንተም እየሰማችሁኝ ለራሳችሁ መልሷት።

እኔ ስኳር የያዘኝ በ17 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ። አሁን 41 ዓመቴ ነው። ያኔ የማውቀው ኢንሱሊን አንድ ብቻ ነበር፤ ደፍራሹ። ጠዋትና ማታ እወጋዋለሁ። መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ አያስተማምንም። እናቴ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ማሰሮው በላዩ ውኃ እያዠ ይቀዘቅዛል። ያስተማሯት የጤና ጣቢያው ነርስ ናቸው። እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው በዚያ ማሰሮ ነው።

አሜሪካ ስመጣ መርፌው በቀን አምስት ሆነ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚሠራው፣ የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን ነው። ሌሎቹ ቶሎ የሚሠራው፣ ፈጣኑ ናቸው፤ ለምግብና ለማስተካከያ። ሐኪሜ ፓምፕ እንድጀምር ስትነግረኝ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ አልኳት። ምክንያቶቼን ልንገራችሁ። የብዙዎቻችሁም ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛ፣ ኦፕሬሽን መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ሰው እንዳያይብኝ ፈራሁ። እኛ ዘንድ ስኳር ይደበቃል። የሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። "ማን ያገባታል?" ይባላል። ይህን ቃል የሰማች ልጅ እዚህ ካለች ትስማኝ። እኔ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሦስተኛው ምክንያቴ፣ ሕይወቴን ለማሽን አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም። ይህኛውን ፍርሃት ዛሬም አልንቀውም። እመለስበታለሁ።

ፓምፑ ይኸውላችሁ። ወገቤ ላይ ያለው ይሄ ነው። ውስጡ ኢንሱሊን የሚሞላበት መያዣ አለው። ከመያዣው ቀጭን ቱቦ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ከቆዳ ሥር የሚገባ አጭርና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሲተከል መርፌ ይዞት ይገባል። ከዚያ መርፌው ይወጣል፤ ፕላስቲኩ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቆይቶ ቦታ ይቀየርለታል። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም። ቱቦ የሌለውም አለ፤ ኦምኒፖድ ይባላል። ቆዳ ላይ እንደ ፕላስተር ይለጠፋል።

እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አርኖልድ ካዲሽ የሚባሉ የሎስ አንጀለስ ሐኪም የሠሩት ፓምፕ ጀርባ ላይ የሚታዘል ነበር። አሁን የኔን መቀነቴ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። የሀበሻ ቀሚስ ኪስ የለውም ብላችሁ የምትጨነቁ እህቶች፣ መቀነት ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል።

አሠራሩን አንዴ ከተረዳችሁት ውሳኔው ራሱ ይቀላል። ፓምፕ ውስጥ የሚገባው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው። የረጅም ሰዓቱ የለም። በእሱ ፋንታ ፓምፑ ፈጣኑን በጣም ትንሽ ትንሽ እያደረገ ቀንና ሌሊት ያንጠባጥባል። ይህን ቤዛል ይሉታል። ስትበሉ ደግሞ እናንተ ታዝዙታላችሁ። እሱ ቦለስ ይባላል። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ፓምፖች ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳር ከሚለካ ሴንሰር ጋር ይነጋገራሉ። ሴንሰሩ በየአምስት ደቂቃው ያነብባል። ስኳሩ ሊወርድ ከሆነ ፓምፑ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ከወጣ ይጨምራል። እንዲህ በራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ ፓምፕ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው በ2016 ነው። ምግብ ስትበሉ ግን አሁንም መንገር የእናንተ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰዓቱ ልመለስ። የእኔ ክፉ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ ሳለ ስኳሬ ይወርዳል። አንሶላው በላብ ርሶ እየተንቀጠቀጥኩ እነቃለሁ። ስለካው 50 ምናምን ነው። ጁስ ጠጥቼ እተኛለሁ። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ሊነጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልና የዕድገት ሆርሞን ይለቅቃል። ጉበት ስኳር ያወጣል። ይህ የሁሉም ሰው ተፈጥሮ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምራ ዝም ታሰኘዋለች። እኔ ጋ የሚጨምርልኝ የለም።

ችግሩን ልብ በሉልኝ። 9 ሰዓት ላይ የሚያስፈልገኝ ትንሽ ነው። 11 ሰዓት ላይ ብዙ። የረጅም ሰዓቱን መርፌ ግን ማታ አንዴ ከተወጋሁት ተወጋሁ። መልሼ ላወጣው አልችልም። ብቀንሰው ጠዋት 260 ሆኜ እነሳለሁ። ብጨምረው ሌሊት ይወርድብኛል። ከሐኪሜ ጋር ዓመት ሙሉ አንድ ዩኒት ስንጨምር፣ ሁለት ዩኒት ስንቀንስ ከረምን።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ ሥራ አዳሪ ነበር። የነቃሁት የስድስት ዓመቷ ልጄ ፊቴን ስትዳብሰኝ ነው። ጁሱን ከፍሪጅ አውጥታ አምጥታልኛለች። ክዳኑ አልከፈት ብሏት ታለቅሳለች። እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ሲነጋ ሐኪሜ ጋ ደወልኩና እሺ አልኳት።

ፓምፑ ያን ሰዓት አቀናልኝ። አሁን ወደ 9 ሰዓት ሲቃረብ ቤዛሉ ይቀንሳል፤ ሊነጋ ሲል ይጨምራል። ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጄ ለእኔ ብላ ሌሊት አልተነሳችም።

አሁን ደግሞ የአክስቴን ልጅ ታሪክ ስሙኝ። ኮሌጅ እያለች ወላጆቿ ፓምፕ አስጀመሯት። እሷ አልጠየቀችም። የእሷ ክፉ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ስትበላ ሰው ፊት መወጋት አትፈልግም፤ ስለዚህ ሳትወጋ ትበላለች። ፓምፕ ሲመጣም ያው ሆነ። ሰው ፊት ፓምፑን አውጥታ መንካት አልፈለገችም። አላርሙ ሲጮህ ታጠፋዋለች። በስምንተኛው ወር ወደ መርፌ ተመለሰች። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ሽንፈት ቆጠረው፤ እኔም ጭምር። ተሳስተን ነበር። ዛሬ በፔን፣ እስክሪብቶ በሚመስለው የኢንሱሊን መርፌ፣ ነው የምትኖረው። ጓደኞቿ ሁሉ ያውቃሉ። ስኳሯ ከብዙ ባለ ፓምፕ ይሻላል። እሷ የቸገራት መደበቁ ነበር። ለዚያ ደግሞ ማሽን አልተሠራለትም።

በመርፌ የምትኖሩ ሰዎች ወደኋላ የቀራችሁ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በ1993 ውጤቱ የወጣ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ1,441 ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ሰዎች ላይ ሕመሙ ዓይናቸውን የመጉዳት ዕድሉ በ76 ከመቶ ቀነሰ። ፓምፕ የነበራቸው ግን ሁሉም አልነበሩም። ገሚሶቹ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በመርፌ ነው የተወጉት። ዓይናችሁን የሚያድነው የስኳራችሁ ልክ ነው። በየት በኩል እንደምትደርሱበት የእናንተ ምርጫ ነው።

ክፉ ሰዓታችሁ ማዕድ ላይ ከሆነስ? እዚህ ላይ በደንብ ልቆይ፤ የእኛ ቤት ችግር እዚህ ነውና። ፓምፑ የሚጠይቃችሁ "ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት ልትበሉ ነው?" ብሎ ነው። ዳቦ ላይ ተጽፏል። እንጀራ ላይ ማን ጽፎ? ከሁለት ሱቅ የገዛሁትን እንጀራ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው እኩል አልነበረም። አንዱ ንጹሕ ጤፍ ነው፤ ሌላው ገብስ ወይም ሩዝ ገብቶበታል። ወጡም አለ። ሽሮና ምስር ራሳቸው ካርቦሃይድሬት ናቸው። ቀይ ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት እንኳ ይቆጠራል። ደግሞ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻ ሲመጣ እምቢ አይባልም።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጀራዬን ቆርጬ፣ መዝኜ፣ ለብቻዬ ሳህን ላይ አድርጌ በላሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ። ጻፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት የእኔን ሩብ እንጀራ በዓይኔ አወቅሁት። አሁን ከትሪ ስበላ ከፊቴ ያለውን ሩብ ለይቼ ከዚያ አልወጣም። ለጉርሻ ትንሽ ቦታ እተዋለሁ። ይህን ሥራ ፓምፕ አልሠራልኝም፤ ሊሠራልኝም አይችልም። ፓምፕ ከመጀመራችሁ በፊት በመርፌ ሳላችሁ ሞክሩት። ከሠራላችሁ ፓምፑም ይሠራላችኋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ፍርሃቴ ልመለስ። በጀመርኩ በሰባተኛው ወር የዘመድ ሰርግ ነበር። ጠዋት ቦታ ቀይሬ ሄድኩ። ለካ ፕላስቲኩ ቆዳዬ ሥር ታጥፏል። ፓምፑ እየሰጠሁ ነው ይላል፤ ኢንሱሊኑ አይገባም። ስኳሬ 290 ሲል ድፎ ዳቦው ነው አልኩ። ፓምፑን ጨምር አልኩት። 340 ሆነ። ውኃ ውኃ አለኝ። ከዚያ ማስታወክ ጀመርኩ። ሰዉ ምግቡ ነው አለ፤ እኔም አመንኩ። ሌሊት ኢመርጀንሲ ገባሁ። ደሜ አሲድ ሆኗል። ኪቶአሲዶሲስ ይሉታል። ሁለት ቀን ተኛሁ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? በመርፌ ስትኖሩ ሰውነታችሁ ውስጥ የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን አለ። እሱ ስንቅ ነው። ምሳ ላይ ብትረሱ እንኳ ከሥር ይዟችኋል። በፓምፕ ስንቅ የለም። ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከተነቀለ፣ ያለው ፈጣኑ በጥቂት ሰዓት ያልቅና ባዶ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ስኳራችሁ ከ250 በላይ ከሆነና በፓምፑ አስተካክላችሁ አልወርድ ካለ፣ ፓምፑን አትመኑት። ደምን አሲድ የሚያደርገውን ኪቶን ለኩ። በፔን ተወጉ። ቱቦውን በአዲስ ቦታ ቀይሩ። ማስታወክ ካለ ወደ ሐኪም ቤት ነው፤ ነገ አይባልም። ሐኪማችሁ ይህን በቁጥር ጽፋ ትስጣችሁና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ፔን ከቦርሳችሁ አይውጣ። "ፓምፕ ከጀመርኩ መርፌ በቃኝ" ብሎ የሚያስብ ሰው ገና አልተዘጋጀም ብዬ አምናለሁ። ይህን በፍቅር ነው የምናገረው።

ስለ ጾምና ስለ ጸበል ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ እሱን ልንገራችሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት በመርፌ ከባድ ነበር። ጠዋት ምንም ሳልበላ የማታው መርፌ ይሠራል፤ ስኳሬን ይዞት ይወርዳል። በፓምፕ ቤዛሉን ለእነዚያ ሰዓታት መቀነስ ይቻላል። ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ። ግን ከሐኪም ጋር ወራት ቀደም ብላችሁ ተነጋግራችሁ፣ ከ70 በታች ሲወርድ ወዲያው ለመፍታት ቆርጣችሁ ነው። ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም። የንስሐ አባቴ "በሽተኛ አይገደድም" ብለውኛል፤ አንዳንድ ቀን በዚያው እጠቀማለሁ። የጾም ምግባችን ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ነው። ቁጥሩ ከፍስኩ ይበዛል።

ጸበል ስትገቡ ቱቦውን ከቆዳችሁ ላይ ካለው ፈትታችሁ ፓምፑን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ከአንድ ሰዓት አታሳልፉት። ኢንሱሊን አቁሞ ጸበል መግባት ግን... እለምናችኋለሁ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት፣ ማለትም ቆሽቱ ኢንሱሊን የማታመነጭለት ሰው፣ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሀገር ቤት በዚህ የቀበርነው ሰው አለ። ብዙ አባቶች መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ ይላሉ። እነሱን ስሙ።

ገንዘቡን በአጭሩ። ፓምፑ ራሱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያ በየወሩ የሚገዛ ቱቦ፣ መያዣና ሴንሰር አለ። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ስትደውሉ የፓምፑን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ የወሩን ጠይቁ። ብዙ ኢንሹራንሶች አንዴ ከገዙ አራት ዓመት ድረስ ሌላ አይገዙም። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ። ዲዳክቲብላችሁን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን፣ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ዓመቱ ሳይገለበጥ ብታስገቡ ብዙ ታተርፋላችሁ። ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ቱቦ ያለው በፓርት ቢ፣ ኦምኒፖድ በፓርት ዲ ነው የሚታየው። ሥራ ልትቀይሩ ከሆነ አዲሱ ኢንሹራንስ እስኪጀምር ጠብቁ።

ሀገር ቤት የምትሄዱ፣ ሁሉንም በእጥፍ ያዙ። ለፓምፑ የሚሆን ቱቦ ሰፈር ፋርማሲ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። የረጅም ሰዓቱ ፔን አብሯችሁ ይሂድ። ፓምፑ ቢበላሽ በእሱ ትኖራላችሁ። መጠኑን ከመነሳታችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ጻፉት። ኤርፖርት ላይ ፓምፑን ኤክስሬይ ውስጥ አታሳልፉት፤ "በእጅ ፈትሹኝ" በሉ። አዲስ አበባ ስትደርሱ የፓምፑን ሰዓት ቀይሩ። ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። የሌሊቱን መጠን ቀን እንዳይሰጣችሁ። ሰዓቱን የአበሻ አድርጋችሁም እንዳትሞሉት፤ ኤኤምና ፒኤም ከተምታታ ውጤቱ ያው ነው።

ለመወሰን የሚረዳችሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሁለት ሳምንት ስኳራችሁን ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ከወረደው ወይም ከወጣው የሚበዛው የት ላይ ነው? ሌሊትና ንጋት ላይ ከተከመረ፣ ወይም ሥራችሁና ስፖርታችሁ በየቀኑ እየተለዋወጠ ካምታታችሁ፣ ፓምፕ ይረዳችኋል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ያልተቆጠረ ምግብ ወይም ያልተወጋ መርፌ ላይ ከተከመረ መጀመሪያ እሱን ነው። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሐኪም ጋ ግቡ። ብዙ ክሊኒኮች ፓምፑን በጨው ውኃ ሞልተው ለጥቂት ቀን ያስሞክራሉ። ጠይቁ። አለማስቸገር ጨዋነት ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ።

ወላጆች፣ ልጁን ሳትጠይቁ አትወስኑ። ትንሽ ልጅ ከሆነ እንኳ የት እንደሚለጠፍ እሱ ይምረጥ። የልጁን ስኳር ከስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ እፎይታ ነው። ግን ትምህርት ቤት ድረስ በየአሥር ደቂቃው እየደወላችሁ "190 ሆነሃል" አትበሉት። ልጅ እንጂ ቁጥር አልወለዳችሁም።

ንግግሩን ጨርሼ ጥያቄ ሲጀመር መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ያቺ የ12 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ልትናገርላት ስትል በክንዷ ገፋ አደረገቻትና፣ "እስክስታ ስመታ ይነቀላል?" አለችኝ። የምትጨፍር ልጅ ናት። ትከሻ አካባቢ ከሆነ ሊነቀል ይችላል፤ ሆድ ወይም ጭን ላይ ግን ይሻላል አልኳት። ቱቦ ያለው ከሆነ ደግሞ ለጭፈራው ፈትታው፣ ስትጨርስ መልሳ መግጠም ትችላለች።

ቦርሳዬ ውስጥ ኢንሱሊን የሌለበት የመሞከሪያ ኦምኒፖድ ነበረኝ። ሰጠኋት። እናቷ ክንዷ ላይ ልትለጥፍላት ስትል "አይሆንም፣ ሆዴ ላይ ነው" አለች። ወደ ኋላ ሄዳ ራሷ ለጥፋው መጣች። ሦስት ቀን ታደርገዋለች፤ እሑድ ልምምድ አላት። ማክሰኞ ማታ ልትደውልልኝ ተነጋግረናል። እናቷ ሳትሆን ራሷ።